ጥሩ ጤፍ የቱ ነው?

በየቤታችን ከማለዳ እስከ ማታ ከምንናገራቸው ቃላት መካከል «ጥሩ» የሚለውን ያህል የሚመላለስ፥ እርሱንም ያህል ሳይመረመር የሚታለፍ ቃል የለም ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። ጥሩ ልብስ፥ ጥሩ ቤት፥ ጥሩ ትምህርት ቤት፥ ጥሩ ጋብቻ እንላለን። ሁለት ሰዎች አንዱን ነገር አይተው አንዱ «ጥሩ ነው»፥ ሌላው «አይደለም» ያሉ እንደ ሆነ፥ ወይ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል ብለን እንፈርዳለን፥ ወይም «ሁሉም እንደየምርጫው ነው» ብለን ነገሩን ሳንመረምር እናልፈዋለን። ሁለቱም መንገድ አጭር ነው፤ ሁለቱም ግን ወደ ስሕተት ያደርሳል። በዚህ ወር ይህን ጉዳይ የምንመለከተው ከሩቅ በመጣ ምሳሌ ሳይሆን፥ የቤት እመቤት ሁሉ ገበያ በወጣች ቁጥር በመዳፏ ዘግና በምትመረምረው፥ ከመሶባችንም በማይለየው በጤፍ ነው።

አስቀድመን ቃሉን ራሱን እንመልከት። «ጥሩ» የሚለው ቃላችን «ጠራ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። የደፈረሰው ውኃ ጠራ፥ ደመናው ተገፍፎ ሰማዩ ጠራ እንላለን። በግእዝም «ጽሩይ» ማለት ንጹሕ፥ ከጉድፍና ከባዕድ ነገር የተለየ ማለት ነው። እንግዲህ «ጥራት» ስንል በመሠረቱ አለመደባለቅን፥ ንጽሕናን መናገራችን ነው። ግእዝ ከዚህ ሌላ ደግሞ «ሠናይ» የሚል ቃል አለው፤ ይህኛው መልካም ማለትም ይሆናል፥ ያማረ ማለትም ይሆናል። የፊተኛው ቃል ነገሩ በራሱ ምን እንደ ሆነ ይናገራል፤ ሁለተኛው ግን ነገሩ ለሚያየው ሰው እንዴት እንደሚታየው ጭምር ይናገራል። እኛ ዛሬ የሁለቱን ሥራ በአንዱ «ጥሩ» በሚለው ቃል ላይ ጭነነዋል። ግራ መጋባቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ እህሉ እንመለስ። ጤፍ እጅግ ደቃቅ ከመሆኑ የተነሣ በ1 ግራም ውስጥ ከ2,500 እስከ 3,000 የሚደርስ ፍሬ ይገኛል። ይሁን እንጂ በአገራችን ከሚዘሩት እህሎች ሁሉ ሰፊውን መሬት የያዘ እርሱ ነው፤ ወደ 3 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ ማሳ ይሸፍናል፥ ከ6 ሚሊዮን በላይ የሆኑ ገበሬዎችም ያመርቱታል። የእጽዋት ሊቅ የነበሩት ታደሰ እባ በ1967 ዓ.ም. ገደማ ባወጡት ጥናት ገበሬው በየአገሩ ስም አውጥቶ የሚዘራቸውን 35 የጤፍ ዓይነቶች ለይተው መዝግበዋል። ገበሬው እነዚህን ሲለይ የራሱን ርዝመት፥ የዛላውን አበቃቀል፥ የሚደርስበትን ጊዜና የሚስማማውን አፈር ይመለከታል። የከተማው ገበያ ግን ይህን ሁሉ ትቶ በአንድ ነገር ብቻ ይለየዋል፤ ይኸውም በመልኩ ነው። በላይ እጅግ የነጣው ማኛ ይቀመጣል፤ ከእርሱ ቀጥሎ ነጭ፥ ከዚያም ነጩና ቀዩ የተቀላቀለበት ሠርገኛ፥ በመጨረሻም ቀይ ጤፍ ይከተላል። ዋጋውም ለብዙ ዘመን ይህንኑ ተራ ተከትሎ ሲወርድ ኖሯል።

ነጩ ይህን ያህል ክብር ያገኘው ስለ ምንድር ነው? ነጭ ጤፍ አፈር ይመርጣል። እንደ አድአ ባሉ በታወቁ አገሮች በጥቁር መሬት ላይ ያምራል፤ ጥሩ ዝናብና ብዙ ድካምም ይፈልጋል። ቀዩ ግን በደከመ መሬትም ይበቅላል፤ ዝናብ በዘገየ ዓመት ፈጥነው የሚደርሱ ዓይነቶችም አሉት። በብዙ ድካም የሚገኘው እህል ዋጋው ወደደ፤ ዋጋው የወደደውም ባለጸጋው ቤት ገባ። ዓይናችን በባለጸጋ ቤት መሶብ ላይ ነጭ እንጀራ እያየ ስላደገ፥ ነጭነትን ባየ ጊዜ ብልጽግናን ማየት ለመደ። እንዲህ ሲሆን የመልኩ ክብር የመጣው ከምላስ ሳይሆን ከኪስ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ማለት ግን ክብሩ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ሰው በዓይኑም ይመገባልና። ነገር ግን ክብሩ ከየት እንደ መጣ ያወቀ ሰው፥ በክብሩ አይገዛም።

የዚህ ክብር ኀይል ምን ያህል እንደ ሆነ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። ጤፍን አዳቅሎ አዲስ ዘር ማግኘት ለረጅም ጊዜ የማይሞከር ነገር መስሎ ነበር፤ አበባው በዓይን ለማየት እንኳ የሚያስቸግር ነውና። በ1967 ዓ.ም. ገደማ ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባው ማለዳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት ደረሱበት፤ ከዚያ ወዲህ ማዳቀል ተቻለ። በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማእከል የሚሠሩት ሊቃውንት በእጃቸው ሁለት የታወቁ ዘሮች ነበሯቸው። አንዱ ማኛ የተባለው እጅግ ነጭ ነው፥ ምርቱ ግን አነስተኛ ነው። ሁለተኛው ዱከም የተባለው ምርቱ የተትረፈረፈ ነው፥ ንጣቱ ግን የማኛን ያህል አይደለም። በሚዛን ብቻ ቢታይ ዱከም ማሸነፍ ነበረበት፤ ገበሬው ግን በሚፈለገው መጠን አልተቀበለውም። ሊቃውንቱ ሁለቱን አዳቅለው በምርቱ ዱከምን፥ በንጣቱ ማኛን የመሰለ ዘር እስኪያገኙ ድረስ ደከሙ፤ በ1998 ዓ.ም. ቁንጮ የሚል ስም ሰጥተው አወጡት። ቁንጮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በየአገሩ ተዳረሰ፤ ገበሬው ከልቡ የወደደው የመጀመሪያው የምርምር ጤፍ ይኸው ነው ይባላል።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ዱከምን ያልወደደው ገበሬ አላዋቂ አልነበረም። በሄክታር የሚገኘው ኩንታል መብዛቱን ያውቃል፤ የገዢው ዓይን ለንጣት የሚከፍለውንም ያውቃል። ሊቁ «ጥሩ» ያለው የሚበዛውን ነው፤ ገበሬው «ጥሩ» ያለው ተሸጦ ልጅ የሚያስተምርለትን ነው። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ የለያያቸው እህሉ ሳይሆን ከእህሉ የሚፈልጉት ነገር ነበር።

ጤፉ ከገበያ ወጥቶ ወደ ማድ ቤት በገባ ጊዜ ደግሞ ሌላ ዳኛ ይነሣል። እንጀራ ጋጋሪዋ የምትጠይቀው ጥያቄ ከነጋዴው የተለየ ነው። ዱቄቱ ውኃ ያነሣልን? ቡሆው በእርሾው ደኅና ይነሣልን? አብሲቱ ከገባ በኋላ ሊጡ ከምጣዱ ላይ ዓይን ያወጣልን? እንጀራው ሲጠቀለል ይሰነጠቃልን? በማግስቱስ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል ወይስ ይደርቃል? ከዚህ ሁሉ ጥያቄ መካከል ስለ መልክ የሚጠይቅ አንድም የለም። ስለ መልክ ብለው ዘዴ የሚፈልጉም አሉ፤ ለምሳሌ በፎገራና በአካባቢው የሚመረተውን ሩዝ ከጤፍ ጋር አስፈጭተው የሚጋግሩ ብዙ ቤቶች ናቸው። እንዲህ ያለው እንጀራ ነጣ ይላል፥ ወጪውም ይቀልላል፤ ነገር ግን ቶሎ ይደርቃል። ለዕለቱ ለሚበሉት ቤተሰብ ይህ ምንም አይጎዳም፤ ለሦስት ቀን ጋግራ ለምታስቀምጥ ሴት ግን ጉዳት ነው። አንዱ እንጀራ ለአንዷ ጥሩ፥ ለሌላዋ መጥፎ ሆነ ማለት ነው፤ ሁለቱም አልዋሹም።

በዘመናችን አራተኛ ዳኛ ተጨምሯል፤ እርሱም ሐኪሙ ነው። ቀይ ጤፍ በብረት ማዕድን የበለጸገ ስለ ሆነ ለደም ማነስ ይበጃል የሚለው ነገር በከተማ ተሰራጭቶ፥ ትናንት ቀዩን ይንቁ የነበሩ ቤቶች ዛሬ ፈልገው ይገዙታል። ይህም ፍርድ ቢሆን መመርመር አለበት። የሥነ ምግብ ሊቃውንት ከየስፍራው የሰበሰቧቸው መለኪያዎች እንደሚያሳዩት፥ በ100 ግራም ነጭ ጤፍ ውስጥ የሚገኘው ብረት ከ9.5 እስከ 37.7 ሚሊግራም ሲሆን፥ በቀዩ ውስጥ ደግሞ ከ11.6 ጀምሮ ከ150 ሚሊግራም በላይ የደረሰበት ጊዜ አለ። የሁለቱ ዝቅተኛ ቁጥር ተቀራራቢ መሆኑን ልብ ይሏል። ከፍተኛው ቁጥር ከየት መጣ ቢባል፥ አብዛኛው ከፍሬው ውስጥ ሳይሆን በዐውድማ ላይ ሲበራይ ከተጣበቀበት አፈር መሆኑን እህሉን አጥበው የመረመሩ ሊቃውንት አረጋግጠዋል። የአፈር ብረት ደግሞ ሰውነታችን እንደ ልብ የሚጠቀምበት አይደለም። በሌላ በኩል የእኛ እናቶች ሊጡን ለቀናት ማቡካታቸው፥ በእህል ውስጥ ብረትን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት የሚባለውን ነገር ስለሚቀንሰው፥ ነጩም ሆነ ቀዩ በመቡካቱ ይጠቅማል። እንዲሁም ነጭ ጤፍ እንደ ፉርኖ ዱቄት ገለባው ተገፎ የነጣ አይደለም፤ ፍሬው ደቃቅ ስለ ሆነ ሁለቱም ከነልብሳቸው ይፈጫሉ። ስለዚህ ትናንት ነጩን ያለ ምርመራ ያከበርን ሰዎች፥ ዛሬ ቀዩን ያለ ምርመራ ብናከብር ጌታ ለወጥን እንጂ ነፃ አልወጣንም።

ከአገር የወጡ ወገኖቻችንን ብንመለከት ሚዛኑ እንደ ገና ይለወጣል። በአሜሪካ በአይዳሆ ክፍለ አገር፥ ቀድሞ በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረ ዌይን ካርልሰን የሚባል ሰው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጤፍ እያበቀለ መሸጥ ጀመረ። በዚያ የሚኖሩ ወገኖች ጤፉን ከገብስ ወይም ከስንዴ ዱቄት ጋር እየቀላቀሉ መጋገርን ለምደዋል፤ ለእነርሱ የመጀመሪያው ጥያቄ «ነጭ ነውን?» ሳይሆን «ጤፍ አለበትን?» የሚለው ነው። የስንዴ ምግብ የማይስማማው ፈረንጅም ጤፍን የሚፈልገው ግሉተን የሚባለው ነገር ስለሌለበት ብቻ ነው፤ መልኩ ምንም አያሳስበው። እኛ በገበያ ቆመን ስለምንከራከርበት ንጣት በባሕር ማዶ የሚከራከር ብዙ ሰው የለም።

ይህ ጉዳይ የቃላት ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ቢኖር፥ በምናስተምርበት ክፍል ያየነውን እንንገረው። አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ በምሳ ሰዓት የምሳ ዕቃዋን ክዳን በግማሽ ከድና፥ በአንድ እጇ እየጋረደች ትበላ ነበር። እንጀራዋ ቀይ ነው፤ በአጠገቧ የተቀመጡት ልጆች እንጀራ ነጭ ነው። ማንም የሰደባት አልነበረም፤ ነገር ግን የአሥር ዓመት ልጅ የገበያውን ተራ በቃሏ ይዛ፥ ራሷንም በመጨረሻው ተራ አስቀምጣለች። ስለ ምግቧ ለብቻዋ ብንናገራት ኀፍረቷን የምናባብስ ስለ መሰለን ዝም አልን። በማግሥቱ ግን ለክፍሉ ሁሉ «ጥሩ ጤፍ የቱ ነው ብላችሁ በቤታችሁ ጠይቃችሁ ኑ» የሚል የቤት ሥራ ሰጠን።

መልሱ የተለያየ ሆኖ መጣ። አባቱ የእህል ነጋዴ የሆነው «ቶሎ የሚሸጠው ነው» ብሎ መጣ። እናቱ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው «ውኃ የሚያነሣው ነው» አለ። አንዱ አያቱን ጠይቆ «ድንጋይ የሌለበት ነው፥ ጥርሴን ሰብሮኛልና» ያሉትን ሲናገር ክፍሉ ሁሉ ሣቀ። ያቺ ልጅ ተራዋ በደረሰ ጊዜ ብድግ ብላ «መምህር፥ እናቴ ጥሩ ጤፍ ማለት ተበድረን ያልገዛነው ነው አለችኝ» አለች። በዚያን ጊዜ የሣቀ ልጅ አልነበረም። እኛም ብዙ መጽሐፍ አገላብጠን ከዚህ የተሻለ መልስ ባላገኘን ነበር።

«እንግዲያውስ ነገሩ ሁሉ እንደየሰው ነው፥ ጥራት የሚባል ነገር የለም» የሚል ይነሣ ይሆናል። እንዲህ ብሎ መደምደም ትልቅ አደጋ አለው። በቅርብ ዓመታት በከተሞቻችን ጀሶና ሰጋቱራ የተቀላቀለበት እንጀራ እየተያዘ መዘገቡን ሁላችንም ሰምተናል። ጀሶ በእንጀራ ውስጥ መገኘቱ የምርጫ ጉዳይ አይደለም፤ ለማንም፥ በምንም ጊዜ፥ በምንም ዋጋ ጥሩ ሊሆን አይችልም። ልብ ብላችሁ ከተመለከታችሁ ደግሞ ጀሶ ነጭ ነው። ዓይናችን ከንጽሕና ይልቅ ንጣትን መፈለጉን ያወቀ አታላይ፥ ንጣቱን ሰጥቶን ንጽሕናውን ወሰደብን። ሠናዩን ብቻ ስንፈልግ ጽሩዩን አጣነው ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ጥሩ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ሦስት ጥያቄዎችን ለየብቻቸው፥ በየተራቸው መጠየቅ ይገባናል። የመጀመሪያው «ንጹሕ ነውን?» የሚል ነው። ጠጠር፥ አፈር፥ ባዕድ ነገር አለበትን? ሚዛኑስ እውነተኛ ነውን? በዚህ ላይ የሰው ሁሉ ፍርድ አንድ መሆን አለበት፤ የድኻው ፍርድ ከባለጸጋው፥ የሻጩም ከገዢው ሊለይ አይገባም። ሁለተኛው «ለምን ያገለግለኛል?» የሚል ነው። በዚህ ላይ የየቤቱ መልስ ልዩ ልዩ ቢሆን ትክክል ነው፤ ለሦስት ቀን የምትጋግር፥ ለሽያጭ የምትጋግር፥ ታማሚ የምታስታምም ሴት አንድ ዓይነት ጤፍ እንድትመርጥ ማንም ሊያስገድዳት አይችልም። ሦስተኛው «በሰው ፊት እንዴት ያሳየኛል?» የሚል ነው። ይህም ጥያቄ ፈጽሞ አይናቅም፥ ሰው ክብር ይሻልና፤ ነገር ግን በመጨረሻ የሚጠየቅ እንጂ በመጀመሪያ የሚጠየቅ አይደለም። ጭንቀታችን ሁሉ የሚመጣው ሦስተኛውን በፊተኛው ስፍራ ካስቀመጥነው ነው።

ይህ መገለባበጥ በብዙ ቤት እውነተኛ ጉዳት ያደርሳል። ማኅበር ወይም ዝክር ሲደርስ፥ ክርስትና ሲነሣ፥ «እንግዳ ቀይ እንጀራ ይበላልን?» በማለት የወሩን ደመወዝ ለማኛ ከፍለው፥ እስከ ወሩ መጨረሻ ከባለ ሱቅ በዱቤ የሚኖሩ ቤተሰቦች ጥቂቶች አይደሉም። እንግዳው በልቶ ይሄዳል፤ ዕዳው ግን ከልጆቹ ጋር አብሮ ይቀራል። ለዚህ ጥፋት ተጠያቂዋ የቤቲቱ እመቤት ብቻ አይደለችም። ወደ ቤቱ ተመልሶ «እንጀራቸው እኮ ቀይ ነበር» የሚለው እንግዳ ከእርሷ ይልቅ ይጠየቃል፤ ያንን ዕዳ የጫነባት የእርሱ ምላስ ነውና። በገዛ ገንዘቡ ማኛ ገዝቶ የሚበላውን ሰው ማንም አይነቅፈውም፤ ደስ እያለው ይብላ። ነገር ግን በመሶቡ መልክ የጎረቤቱን ማንነት ሊለካ አይገባውም።

ከወላጆች የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት መጥተው «የእነ እገሌ እንጀራ ነጭ ነው፥ የእኛ ለምን ቀይ ሆነ?» ብለው በጠየቋችሁ ጊዜ አትቆጧቸው፤ «ቀይ ይሻላል» ብላችሁም የሌላውን እንዲንቁ አታስተምሯቸው። አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ እህሉን በሰፌድ ላይ አፍስሱላቸው፤ ጠጠሩን አብረው ይልቀሙ፥ ይንፉት፥ ወፍጮ ቤትም ይዛችኋቸው ሂዱ። ንጹሕን ከንጹሕ ካልሆነው በእጁ ለይቶ ያደገ ልጅ፥ ነገ ልብስ ሲመርጥ፥ ወዳጅ ሲመርጥ፥ ትዳር ሲመርጥ ከመልኩ አስቀድሞ ጥራቱን ይጠይቃል። ለመሶባችሁም እንዲህ በሉለት፦ ንጹሕ ነው፥ ይበቃናል፥ የማንም ዕዳ የለበትም።